የቁልፎቹ ገጽ

ታይፒስቷ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ታይፕራይተር ከየቢሮው ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን እሷ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ መሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስትመታ ኖረች። መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪኖቹን ወደ መጋዘን ሲወረውር እሷንም አብሮ ሊወረውራት ዳር ዳር ሲል ጊዜ፣ "እኔ ዕቃ አይደለሁም" ብላ ኮምፒውተር ተማረች። ዛሬ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የራሷ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሦስት ደንበኛ ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ግን ማንም አይነካውም። እጁን የዘረጋ ደንበኛ ካለ ዓይኗን ታፈጥበታለች፣ እጁም ወደ ኪሱ ይመለሳል።

በዚያ ኮምፒውተር የምትጠብቀው የኢንተርኔት ፎረም፣ ሰው እየጻፈ የሚገናኝበት ገጽ፣ አለ። ብቻቸውን የሚኖሩ አርባ አንድ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዕድሜ የጠገቡ፣ በየጠዋቱ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ገጹን ከፍተው "አለሁ" ብለው ይጽፋሉ። ደስ ያለው ይጨምርበታል፤ አንዱ ጉልበቱን ይረግማል፣ አንዷ የጎረቤቷን ውሻ ትከሳለች። አራት ሰዓት ሲሞላ ያልጻፈ ካለ፣ በቅርብ የሚኖር አባል ሄዶ በሩን ያንኳኳል። ካልተከፈተ ደግሞ ትርፍ ቁልፍ የት እንደተደበቀ የተጻፈበት፣ ታይፒስቷ ብቻ የምትከፍተው አንድ ገጽ አለ። የቁልፎቹ ገጽ ይሉታል። "ከሁለተኛው የአበባ ሳጥን ሥር"፣ "ከውሃ ቆጣሪው ጀርባ"፣ "ከታች ቤት ካለችው ጫማ ሰፊ ዘንድ" የሚል የአርባ አንድ ሰው ምስጢር እዚያ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ስለምትጠብቅ አባላቱ "ዘበኛችን" ይሏታል። ስትጠራበት ደስ ይላታል፤ ደስ እንደማይላት ግን ታስመስላለች።

ነገሩን ያመጣው የአክስቷ ሞት ነው። እንደ እናት ያሳደገቻት አክስቷ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ወድቃ ሦስት ቀን ማንም ሳያውቅ ቀረች። ታይፒስቷ በዚያ ሳምንት ሥራ በዝቶባት አልደወለችም ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ተቀምጣ ማልቀስ ሰለቻት፤ በነፃ የሚገኝ አንድ የፎረም ሶፍትዌር አውርዳ፣ ከመጽሐፍ እያየች፣ እየተሳሳተች፣ እያስተካከለች ገጹን አቆመችው። አሮጊቶቹ እንዲያዩት ፊደሉን አተለቀች። የሚጽፉበትን ሳጥን እንደ ከፈቱት ፊታቸው ድቅን እንዲል አደረገች። እዚህ ላይ ማንም አላገዛትም፣ ስለዚህም በዚህ ላይ ትንሽ ኩራት ነበራት።

ኩራቷ ነው ጉድ የሠራት። ከስምንት ወር በፊት የሶፍትዌሩ ባለቤቶች በገጹ አናት ላይ አንድ ቀይ መስመር ሰደዱ፤ "ይህ እትም አደገኛ ቀዳዳ አለበት፤ አዲሱን እትም በአስቸኳይ ይጫኑ" የሚል። አዲሱ እትም ከተጫነ እሷ በእጇ ያስተካከለችው ሁሉ፣ ትልቁም ፊደል፣ ሳጥኑም፣ ይጠፋል። እንደገና ለመሥራት ወር ይፈጅባታል። አባላቱን ብትጠይቃቸው ኡኡ አሉ፤ "ገና ሳንለምደው ልትቀይሪብን ነው?" ቀዩ መስመር ደግሞ በየጠዋቱ እያስደነገጣቸው "ምንድነው ይሄ? ልንዘረፍ ነው?" እያሉ አላስቀምጥ አሏት። ምን አደረገች መሰላችሁ? ቀዩን መስመር ደበቀችው። ሁለት ቃል ኮድ ጨመረችና ከገጹ ላይ አጠፋችው። ሁሉም እፎይ አሉ፣ እሷም እፎይ አለች፣ "ለሚቀጥለው ወር እሠራዋለሁ" አለች። ያ የሚቀጥለው ወር እስካሁን አልመጣም።

አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቋን ከፍታ፣ ማሽኖቹ እስኪሞቁ ድረስ እንደ ወትሮዋ ፎረሙን ከፈተች። ሠላሳ ሰው "አለሁ" ብሏል። በመልእክቶቹ መካከል ግን ከሦስት ቀን በፊት የተመዘገበና "ጎረቤት" ብሎ ራሱን የጠራ አንድ አዲስ ሰው አንድ ነገር ለጥፏል። አለሁ አላለም። ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የዶላር ምልክት፣ የተዘበራረቀ ነገር ነው የጻፈው። ከሥሩ ግን ማንም ያልጻፈው ረጅም ዝርዝር ተዘርግቷል። ታይፒስቷ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። የመጀመሪያው መስመር "ከሁለተኛው የአበባ ሳጥን ሥር" ይላል።

ቀዩ መስመር ሲያስጠነቅቅ የነበረው ይህንኑ ነው። ፎረም ማለት ሰው የጻፈለትን ተቀብሎ መለጠፍ ነው ሥራው። ይህ አሮጌ እትም ግን በተወሰነ ምልክት ታጥሮ የመጣለትን ጽሑፍ፣ ጽሑፍ መሆኑን ይረሳና ትእዛዝ ነው ብሎ ይፈጽመዋል። ማመልከቻ የሚቀበል ጸሐፊ፣ ማመልከቻው ውስጥ "መዝገብ ቤቱን ክፈትና ያለውን ሁሉ አምጣ" የሚል ቢያነብ ብድግ ብሎ እንደ መክፈት ማለት ነው። "ጎረቤት" ያን ዓይነት ማመልከቻ ነው ያስገባው። የተለጠፈበትን ሰዓት አየች፤ ከአሥራ ሁለት ተኩል በኋላ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቁልፎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አደባባይ ላይ ተሰጥተው ቆይተዋል፤ ሠላሳዎቹ ፊታቸው ድቅን ባለው ሳጥን ጽፈው ሲወጡ ልብ አላሉትም።

ታናሽ ወንድሟ አንድ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ደወለችለት።

"ዝጊው!" አለ ገና ሳትጨርስ። "አሁኑኑ ዝጊው!"

"አሥራ አንድ ሰው ገና አልጻፈም እኮ! ወድቆ የሚጠብቀኝ ቢኖርስ?"

"እህቴ፣ ክፍት ባቆየሽው ቁጥር ያየዋል። ዝጊና ከዚያ እንደ ፍጥርጥርሽ ሁኚ። ምናልባትም ሰው ላይሆን ይችላል፤ አሮጌ ሶፍትዌር እየፈለገ የሚዞር ማሽን ይሆናል። ስምሽንም አያውቅም።"

"ማሽንም ይሁን ሰይጣን የሰው ቁልፍ ይዟል!"

"አፕዴት አድርጊ ብዬሽ አልነበር?"

ዝርዝሩን አተመች። ያን ገጽ ወረቀት ላይ ላለማውጣት ስንት ዓመት ተጠንቅቃ፣ ዛሬ የራሷ ፕሪንተር እያፏጨ አወጣላት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ፎረሙን ዘጋችው፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ስልኳን አነሳች።

ለመጀመሪያዋ፣ ለጡረተኛዋ ነርስ፣ "እትዬ፣ ቁልፉን ከቦታው ያንሱት፣ ሌባ ፎረሙን ሰብሮ ገብቷል" አለቻት። "ሰብሮ" የሚለው ቃል ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። ከወጣ በኋላ ግን ተመቻት፣ ለሁለተኛውም ደገመችው። ነርሷ ደግ ናት፣ ምንም ሳትጠይቅ ዝርዝሩን ተካፍላ አሥሩን ልትደውል ወሰደች። ሦስተኛው የቀድሞ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ያለ ጥያቄ የሚያልፉት ነገር የለም።

"ሰብሮ ነው የምትዪኝ? ምኑን ሰበረ?"

"ያው... ገጹን፣ ጋሼ።"

"የተቆለፈ ነበር?"

"ይጣራል ጋሼ። አሁን ቁልፉን ያንሱልኝ።"

"አነሳለሁ። ይጣራ ግን" አሉና ዘጉ። ያን ስልክ ካስቀመጠች በኋላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ በላብ ርሶ ነበር።

ካልጻፉት አሥራ አንዱ መካከል አሥሩ አንድ በአንድ ተገኙ። አንዱ ተኝቶ ነው፣ አንዷ መብራት ጠፍቶባት ነው፣ አንዱ ደግሞ "ዛሬ ማንንም ማናገር አልፈለግሁም፣ ወንጀል ነው?" ብሎ ተቆጣ። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፤ መምህርት።

መምህርት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ፤ ዛሬ አጠገባቸው ጥሩምባ ቢነፋ አይሰሙም። መናገር ግን ይናገራሉ፣ ያውም በክፍል ድምፅ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከአንድ ሰዓት ዘግይተው አያውቁም፤ ልክ በሰዓቱ ቁጭ ብለው "አለሁ" ይላሉ። ዛሬ የሉም። ስልክ ቢደወልላቸው አይሰሙም፤ መልእክት ብትልክላቸውም ስልካቸው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ታይፒስቷ ዝርዝሩ ላይ የሳቸውን መስመር ፈለገች። በራሳቸው አጻጻፍ እንዲህ ይላል፤ "ቁልፉ ከመስኮቱ በታች ከተሰነጠቀው ጡብ ጀርባ ነው። ብታንኳኩ አልሰማም። አታንኳኩ፣ ዝም ብላችሁ ግቡና ትከሻዬን ንኩኝ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድ ባዕድ ይህን መስመር አንብቦ፣ ጡቡን ስቦ፣ በሩን ከፍቶ ሲገባና ከጀርባቸው ሲቆም ታያት። ማንም አይሰማም፣ እሳቸውም አይሰሙም።

አጠገባቸው የሚኖረው ጡረተኛ ሹፌር ልጁ ወልዳ ሌላ ከተማ ሄዷል። ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። "ሌባው ገብቷል?" አላት ተረኛው። "አላውቅም፤ ቁልፉ የት እንዳለ ግን ያውቃል።" "እንግዲያው ሲገባ ደውዪ" አላት በትሕትና። ስልኩን ልትወረውረው ፈለገች፤ እሱንም ትፈልገዋለችና ተወችው። አንድ ጥቅል ወረቀትና ወፍራም ማርከር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሱቁን ቆልፋ ታክሲ ያዘች።

መንገዱ ዝግ ነበር። ቆሻሻ የጫነ መኪና መሐል መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ታይፒስቷ ከኋላ ወንበር ሆና ለቀሩት ትደውላለች። "እማማ፣ ከምንጣፉ ሥር ያንሱት።" "አባባ፣ ከቆጣሪው ጀርባ ያለውን።" "አዎ፣ ሰብሮ ነው የገባው።" ባለ ታክሲው በመስታወቱ እያያት ቆየና በመጨረሻ አላስችል አለው።

"እመቤት፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሥራሽ ምንድነው?"

"ዘበኛ ነኝ" አለችው። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። ሰውየው በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጠርዝ እየታከከ ከሰልፉ አወጣት።

የመምህርት ቤት በአንድ ረጅም ግንብ ሥር ከተደረደሩት ምድር ቤቶች ሦስተኛው ነው። ከዚህ በፊት እግሯ ረግጦት አያውቅም። የሚተዋወቁት በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ሮጣ መስኮቱ ሥር ተንበረከከችና የተሰነጠቀውን ጡብ ሳበችው። እጇን አስገባች። አቧራ ነው የያዘችው። ቁልፉ የለም።

በሩን ገፋችው፤ ተቆልፏል። እንደማይጠቅም እያወቀች በሁለት መዳፏ ደበደበችው። እጀታውን ወዘወዘች። ከዚያ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች፣ በሁለት እጇ ብርሃኑን ከልላ ወደ ውስጥ አየች። መጋረጃው ስስ ነው። ጠረጴዛ፣ የበራ ኮምፒውተር፣ የተገለበጠ ወንበር ይታያል። ሰው የለም። ወንበሩን ስታይ አክስቷ ትዝ አለቻት፤ "አሁንም ዘገየሁ" አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን።

መጋረጃው ድንገት ተገለጠ። አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽበታም ሴት፣ የልብስ ካውያ በቀኝ እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመዋል። ዓይናቸው አይርገበገብም። በግራ እጃቸው ቁልፍ ጨብጠዋል።

ታይፒስቷ በደስታ እጇን አውለበለበች። ሴትዮዋ ካውያውን ይበልጥ ከፍ አደረጉት። ለካ እሳቸው የሚያዩት አንዲት የማያውቋት ሴት ጡባቸውን ስትነቅል፣ እጀታቸውን ስትወዘውዝና በመስኮት ስታጮልቅ ነው። ታይፒስቷ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣችና በማርከር ጻፈች፤ "ታይፒስቷ ነኝ። የፎረሙ ዘበኛ።" መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

መምህርት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። "ሌባውም እንደዚያው ነው የሚለው!" ብለው ጮኹ። ድምፃቸው መስታወቱን አልፎ መንገዱን ሞላው።

ሁለተኛ ወረቀት፤ "ቁልፍዎ ያለበትን ቦታ ሌላ ሰው አይቶታል፣ ላስጠነቅቅዎ ነው የመጣሁት።"

"እሱንማ የሚያውቀው ያየው ሰው ነው!"

ሦስተኛ፤ "ባለፈው ሳምንት ጉልበትዎን እንዳመመዎት ጽፈው ነበር። ቅባት ነገርኩዎት።"

"ቁልፌን ያነበበ ጉልበቴን ማንበብ ያቅተዋል? ሂጂ ከዚህ!"

እውነታቸውን ነው። ስለ መምህርት የምታውቀው ሁሉ ያ ገጽ ላይ ያለ ነው፤ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ደግሞ "ጎረቤት" ያውቃል። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ከወደ ኋላዋ ቆመች።

"ምን ፈልገሽ ነው የሰው መስኮት የምትደበድቢው?"

"እማውቃቸው ናቸው።"

"እሳቸው ግን የሚያውቁሽ አይመስሉም። ፖሊስ ልጥራ?" አለች ሴትዮዋ፣ ከሷ ይልቅ ወደ መስኮቱ እያየች፣ በእጇ ስልክ የመደወል ምልክት እየሠራች።

"ጥሪልኝ!" አሉ መምህርት ከውስጥ።

ሴትዮዋ ስልኳን ከዘንቢሉ አወጣች። ታይፒስቷ ትታ መሄድ ትችል ነበር። መምህርት ደኅና ናቸው፣ ቁልፉም በእጃቸው ነው፤ የመጣችበት ተፈጽሟል። ነገር ግን እኚህ አሮጊት ካውያ ይዘው፣ ማን እንደመጣባቸው ሳያውቁ፣ እስከ መቼ በር ላይ እንደሚቆሙ አሰበች። እሷ ያመጣችው ፍርሃት ነው። እሷ የምታውቀው፣ "ጎረቤት" የማያውቀው፣ ገጹም ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ብቻ አለ። እሱን ደግሞ ለገዛ ወንድሟ እንኳ አልተናገረችውም።

አራተኛውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች። የሃያ ዓመት ጸሐፊ ብትሆንም ፊደሏ እንደ ጀማሪ ተንጋደደ።

"የሰበረ ሌባ የለም። ቀዳዳ እንዳለ ከስምንት ወር በፊት በቀይ ተጽፎልኝ ነበር። እናንተ እንዳታዩት ማስጠንቀቂያውን ደበቅሁት። ሥራዬ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው። ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።"

መስታወቱ ላይ አደረገችውና ፊቷን ከወረቀቱ ጀርባ ሸሸገች። ዘንቢል የያዘችው ሴትም ከጀርባዋ አነበበችውና ስልኳን ዝቅ አደረገች። መምህርት ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። ካውያው ቀስ እያለ ወረደ።

"ይሄንን ሌባ አይጽፍም" አሉ፤ አሁን አልጮኹም። መወርወሪያው ተሳበ፣ በሩ ተከፈተ።

አላቀፏትም። በክርኗ ይዘው አስገቡና የተገለበጠውን ወንበር አቅንተው አስቀመጧት። እሳቸውም ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ነገሩን ተናገሩ። አንድ ሰዓት ላይ አለሁ ሊሉ ገጹን ቢከፍቱ የገዛ ቁልፋቸው ያለበት ቦታ በትልቅ ፊደል ተጽፎ አዩት። ወንበሩን ገልብጠው የተነሡት ያኔ ነው። ወጥተው ቁልፉን አወጡ፣ ቆለፉ፣ ከዚያ የቀደመኝ ሰው ቢኖርስ ብለው ቁም ሣጥኑን፣ የአልጋውን ሥር፣ መታጠቢያ ቤቱን ካውያ ይዘው አንድ በአንድ ፈተሹ።

"ጨርሼ ልጽፍልሽ ብል ዘጋሽብኝ! ሌሎቹን ማስጠንቀቅ አቃተኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የበሩን እጀታ ሳይ ነው የቆየሁት። መስማት የማይችል ሰው በር እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ? በዓይኑ ነው። ዓይን ደግሞ ይደክማል።"

ታይፒስቷ አለቀሰች። መምህርት እስክትጨርስ ጠበቋትና ወረቀቱን፣ አራተኛውን፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጡት።

"ይሄን ለሌሎቹ ነግረሻቸዋል?"

የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"ምን አልሻቸው?"

"ሰብሮ ገባ" ብላ ጻፈች።

መምህርት በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። "ነገ ገጹን ስትከፍቺ ቁልፋቸውን እንደገና ስጡኝ ልትዪያቸው ነው። የሚሰጡት ለማን እንደሆነ ይወቁ። የማይሰጥሽ አይስጥሽ። የኔን እንኳ አስብበታለሁ።"

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ከሁሉ በላይ አመማት፤ ተገቢ መሆኗን ግን አልካደችም። ስልኳን አወጣች። ከማን ልጀምር በሚል ዓይን አየቻቸው።

"በጣም ከምትፈሪው" አሉ መምህርት፣ ወንበራቸውን ከፊት ለፊቷ ስበው። አይሰሙም፤ ከንፈሯን ነው የሚያዩት።

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

"ጋሼ ዳኛ" አለች ታይፒስቷ፣ መምህርት እንዲያነቡት ቃሉን ቀስ አድርጋ፣ "ጠዋት የጠየቁኝ ጥያቄ... አልተቆለፈም ነበር።"